ለከርሞ የሚሆን ቤት፤ ከዝናም በፊት ስለሚደረግ ዝግጅት

በአገራችን ልማድ ሰው ከወዳጁ ብዙ ጊዜ ተለይቶ ሲገናኝ «እንደ ምን ከረሙ» ብሎ ይጠይቃል። ቃሉ በየጊዜው ስለሚነገር ተራ ሰላምታ ይመስላል፤ ነገር ግን ሥሩ ሲመረመር ታላቅ ታሪክ ይገኝበታል። ከረመ ማለት ክረምትን አሳለፈ ማለት ነው። በግዕዝ መጻሕፍትም ክረምት የሚለው ስም ዓመት ተብሎ ሲፈታ ይገኛል፤ አንድ ሰው ይህን ያህል ክረምት ኖረ ቢባል ይህን ያህል ዓመት ኖረ ማለት ነውና። በአማርኛም የሚመጣው ዓመት ከርሞ ይባላል፤ ገበሬ ከአውድማው የሚለየውን ዘር ለከርሞ ብሎ ያስቀምጠዋል። እንግዲህ አባቶች ዓመትን የቈጠሩት በበጋው ፀሓይ ሳይሆን በክረምቱ ዝናም እንደ ነበረ ከዚህ ይታወቃል። ክረምቱን የተሻገረ ዓመቱን ተሻገረ፤ ክረምቱን ለመሻገር ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ የማያፈስ ቤት ያስፈልጋል።

ስለ ጣራ፥ ስለ ሣርና ስለ ቦይ መጻፍ ለታሪክ የማይገባ ትንሽ ነገር የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። ታሪክ የነገሥታትና የጦር ሜዳ ወሬ ብቻ ነው ተብሎ ስለ ተለመደ ነው። ነገር ግን የነገሥታቱ ከተሞች የት እንደ ተቈረቈሩ፥ ስለ ምንስ እንደ ተተዉ ሲጠየቅ መልሱ ዘወትር ወደዚሁ ትንሽ ነገር ይመልሳል። ሠራዊት በበጋ በድንኳን ይኖራል፤ በክረምት ግን ጣራ ይሻል። ጣራም እንጨትና ሣር ይሻል። እንጨቱና ሣሩ ባለቀ ጊዜ ንጉሥም ቢሆን መነሣት ግድ ይሆንበት ነበር። ስለዚህ ቤትን ለክረምት የማዘጋጀት ነገር የእመቤቲቱና የገበሬው ሥራ ብቻ ሳይሆን የመንግሥትም ጕዳይ ነበረ።

በቤተ ክርስቲያን አቈጣጠር ዓመቱ በአራት ወቅት ይከፈላል። መፀው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25፥ ሐጋይ ወይም በጋ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25፥ ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25፥ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው። ክረምቱም በአንድ ስም ብቻ አይጠራም። መጀመሪያው የዘርዕና የደመና ጊዜ ነው፤ ከሐምሌ 19 ጀምሮ የመብረቅና የነጐድጓድ፥ የባሕርና የአፍላግ ጊዜ ይባላል፤ ከነሐሴ 10 ጀምሮ የዕጓለ ቋዓትና የደሰያት ይሆናል፤ ከነሐሴ 28 ወዲህ ግን የጎሕና የነግህ፥ የጽባሕና የብርሃን ጊዜ ተብሎ ይመሰገንበታል። ይህን ሥርዓት የሠሩ ሊቃውንት ሰማይን በደንብ የተመለከቱ ሰዎች እንደ ነበሩ ግልጽ ነው፤ ዛሬ ዝናም በመለኪያ ሲለካ በደጋው አገር የሚበዛው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሆኖ ይገኛልና።

ይሁን እንጂ ቤቱን የሚያዘጋጅ ሰው ሰኔ 26ን አይጠብቅም። ክዳን የሚሆነው ሣር የሚያድገው ባለፈው ክረምት ነው፤ የሚደርቀው በመፀውና በበጋ ነው፤ የሚታጨደውም ከደረቀ በኋላ ነው። እርጥብ ሣር ቢከደን ይሻግታልና። እንጨቱም ተቈርጦ እስኪደርቅ ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ የሰኔን ዝናም የሚመክተው የጥርና የየካቲት ሥራ ነው፤ በሰኔ ተነሥቶ ሣር ፍለጋ የሚወጣ ሰው ጐረቤቱ ያጨደውን ከመለመን በቀር ሌላ መላ የለውም።

በደጋውና በወይና ደጋው አገር ለብዙ ዘመን የተለመደው ቤት ክብ ጎጆ ነው። በመካከሉ ምሰሶ ይቆማል። ግድግዳው እንጨቱ በቁሙ ተተክሎ፥ ማገሩ በልጥ ታስሮ፥ ጭድ በተቀላቀለበት ጭቃ ተመርጎ ይሠራል። ጣራው ከግድግዳው ተነሥቶ ወደ ምሰሶው ጫፍ ሾጥጦ ይወጣል። ክዳኑ ከታች ከከፈፉ ይጀመርና አንዱ ረድፍ የሌላውን ራስ እየሸፈነ ወደ ላይ ይሄዳል፤ በመጨረሻም ጫፉ ተጠፍሮ ይታሰርና ጕልላቱ ላይ ገንቦ ወይም የሸክላ ስባሪ ይደፋበታል። ጣራው እንዲህ ሾጣጣ የሆነበት ምክንያት ለውበት ብቻ አይደለም። ሣር ውኃን የሚመልሰው ዝናሙ ሳይቆምበት ፈጥኖ ሲወርድ ነው፤ ጣራው የተኛ እንደ ሆነ ውኃው በሣሩ መካከል ሰርጎ ይገባል።

በትግራይ ግን ሌላ ጥበብ አለ። በዚያ ዝናሙ ከደቡቡ ደጋ ያነሰ፥ ድንጋዩም የበዛ ስለ ሆነ ሕድሞ የሚባለው ቤት በድንጋይ ግድግዳ ይሠራል፤ ጣራው ለጥ ያለ ሆኖ በእንጨት ርብራብ ላይ አፈር ይለበሳል። የሕድሞ ባለቤት ከክረምት በፊት የሚፈራው የሣር መበስበስን ሳይሆን የአፈሩን መሰንጠቅ ነው፤ በበጋ ፀሓይ የተሰነጠቀውን ደፍኖ እንደ ገና ይደመድመዋል። አገሩ የሰጠው ዕቃ ቢለያይም ጭንቀቱ አንድ ነው።

ቤቱን ለማዘጋጀት ሲነሡ አባወራው አስቀድሞ ቀን በቤቱ ውስጥ ቆሞ ወደ ላይ ይመለከታል። በጣራው ብርሃን የታየበት ቦታ ሁሉ በክረምት ውኃ የሚገባበት ነው። የበሰበሰው ሣር እየተመዘዘ በአዲስ ይተካል። ከዚያ ግድግዳው ይታያል፤ ጭቃው የረገፈበት ይመረጋል። ቀጥሎ ከቤቱ በላይ በኩል ቦይ ይቈፈራል። ብዙ ሰው ጣራውን አሳምሮ ቦዩን ይረሳል፤ ነገር ግን ጎጆን የሚጥለው ከላይ የሚመጣው ዝናም ብቻ ሳይሆን ከኋላው የሚመጣው ጎርፍ ነው። የግድግዳው እንጨት ሥሩ ከራሰ ይበሰብሳል፤ ሥሩ የበሰበሰ ግድግዳም ጣራ አይሸከምም።

የእመቤቲቱ ዝግጅት ከዚህ አያንስም። በሚያዝያና በግንቦት ፀሓይ በርበሬው ይሰጣል፥ ይደለዛል፥ ይፈጫል፤ የሽሮው እህል ይታመሳል፥ ይከካል፤ ደመና ከገባ በኋላ ማድረቅ አይቻልምና። ኩበቱና ጭራሮው ከጣራ ሥር ይከመራል። ጎታው ከመሬት ከፍ ብሎ በድንጋይ ላይ መቀመጡ ይታያል፤ መሬት ላይ ከተቀመጠ እርጥበት ወጥቶ እህሉን ይነቅዘዋልና። በሰኔ የዘሩ እህል ወደ መሬት ይሄዳል፤ ጎታው ሊጐድል ነው፤ አዲሱ እሸት እስኪደርስ ያለው ጊዜ ከዓመቱ ሁሉ የጠበበው ነው። በቤት ውስጥ የሚነደውም እሳት ሌላ ጥቅም ነበረው፤ ጢሱ በሣሩ መካከል እያለፈ ጣራውን ያደርቀዋል፥ ነቀዝና ምስጥንም ከእንጨቱ ያርቃል። ስለዚህ በጥላሸት የጠቈረ ጣራ ብዙ ክረምት ያየ የጤነኛ ቤት ምልክት ነበር።

ይህ ሁሉ ሥራ በአንድ ሰው ጕልበት አይፈጸምም። ስለዚህ ደቦና ወንፈል የሚባለው የመረዳዳት ሥርዓት ለእርሻና ለአጨዳ ብቻ ሳይሆን ለቤት ክዳንም ያገለግል ነበር። ዛሬ የአንዱ ቤት ይከደናል፥ ነገ የሌላው። ባለቤቱ ጠላና እንጀራ ያቀርባል፤ የመጡት ሰዎች ሣሩን ያቀብላሉ፥ ያስራሉ፥ ይከድናሉ። ወንፈል ጕልበትን በጕልበት የሚመልስ ነው፤ ደቦ ግን መልሶ ሊሠራ የማይችለውንም ያቅፋል። ባሏ የሞተባት ሴት፥ የደከመ ሽማግሌ፥ ልጁ ዘማች የሄደበት አባት ጣራቸው በሰው እጅ ካልተከደነ በቀር ክረምቱን ማሳለፊያ አልነበራቸውም። የመንደሩም ደግነት የሚመዘነው በሠርግና በተዝካር ቀን ከሚታየው ይልቅ ከሰኔ በፊት የመበለቲቱ ጎጆ ተከድኖ በመገኘቱና ባለመገኘቱ ነበር።

በቅኔና በዜማ ቤትም ነገሩ እንዲሁ ነው። ከሩቅ አገር የመጣ ተማሪ በመምህሩ ደጃፍ አጠገብ የራሱን ትንሽ ጎጆ ይቀልሳል፤ ካለፈው ተማሪ የቀረች ጎጆ ቢያገኝም አድሶ ይገባባታል። ቀን እህል ለምኖ፥ ማታ ቅኔ ቈጥሮ የሚያድር ተማሪ ከክረምት በፊት ሣር አጭዶ ጎጆውን ካልከደነ ደበሎው ረጥቦ፥ የጻፋትም ብራና ተበላሽታ ይቀራል። አዲስ የመጣውን ሕፃን ጎጆውን የሚከድኑለት ቀድመው የመጡት ናቸው። በዚህ ዓይነት ጎጆ ከርመው የወጡ ሰዎች በኋላ በየደብሩ መምህራን ሆነዋል።

አሁን ከገበሬው ጎጆ ወደ ንጉሡ ድንኳን እንመለስ። ዐፄ ይኩኖ አምላክ ከነገሡበት ከ1262 ዓ.ም. ጀምሮ ለብዙ ዘመን ነገሥታቱ አንድ ቋሚ መዲና አልነበራቸውም። ከተማ የሚለው ቃል ራሱ ቀድሞ የንጉሥና የሠራዊት ሰፈር ማለት ነበረ። በ1512 ዓ.ም. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋራ መጥቶ በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን ስድስት ዓመት የተቀመጠው ካህን ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ይህን የድንኳን ከተማ አይቶ በመጽሐፉ ገልጾታል፤ የንጉሡም፥ የቤተ ክርስቲያኖቹም፥ የሹማምንቱም ድንኳን ሰፈሩ በሄደበት ሁሉ በታወቀ ቦታው ይተከል ነበር።

ነገር ግን ድንኳን የበጋ ቤት ነው። ሰኔ ሲገባ ዐባይና በሽሎ፥ ጀማና ተከዜ ይሞላሉ፤ መንገዱ ጭቃ ይሆንና በቅሎው ይሰምጣል፤ ስንቅ የሚያመጣው ሕዝብ መድረስ አይችልም። ስለዚህ ንጉሡ በየዓመቱ ከዝናም በፊት መክረሚያውን መምረጥ ነበረበት። የዜና መዋዕል ጸሐፊዎች የዓመቱን ነገር ሲጽፉ ንጉሡ የት እንደ ከረመ መናገርን የማይረሱት ስለዚህ ነው። ዘመቻውም በዚሁ ይለካ ነበር። የዐድዋ ክተት የታወጀው ዝናሙ ሊያበቃ ሲል በመስከረም 1888 ዓ.ም. ነበር፤ ድሉ በየካቲት 23 ተገኘ፤ ዳግማዊ ምኒልክም ክረምት ሳይገባ ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ።

ከነገሥታቱ አንዳንዶቹ አንዱን መክረሚያ ወደ መቀመጫነት ለወጡት። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በመንግሥታቸው መጨረሻ በደብረ ብርሃን 12 ዓመት ያህል ተቀምጠው ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን ሠሩ። ዐፄ ሠርፀ ድንግል በእንፍራዝ አጠገብ በጉዛራ ግንብ አቆሙ፤ ዐፄ ሱስንዮስ በጎርጎራና በደንቀዝ ከተሙ። በመጨረሻም በ1628 ዓ.ም. ዐፄ ፋሲል በቀሃና በአንገረብ ወንዞች መካከል ጐንደርን መሠረቱ። በድንጋይና በኖራ የተሠራው ግንባቸው ዝናም የማይበግረው ቤት ሆነ። ከእርሳቸውም በኋላ የነገሡት በበጋ እየዘመቱ በክረምት ወደ ጐንደር ይመለሱ ነበር፤ ከጐንደርም ሌላ አሪንጎና ይባባ የታወቁ መቀመጫዎች ነበሩ። ስለዚህ ጐንደር መዲና ከመሆኗ በፊት መክረሚያ ነበረች ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ሆኖም ግንብ ለሁሉ አልደረሰም። ከቤተ መንግሥቱ አጥር ውጭ የነበረው ሕዝብ በሣር ክዳን ይኖር ነበር። የክረምቱም ኀይል ለታላላቆቹ ሕንፃዎች አልራራም፤ ታላቁ ኢያሱ ያሠሩት የመጀመሪያው ደብረ ብርሃን ሥላሴ በ18ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በመብረቅ ተመትቶ ፈርሷል። ዛሬ በጣራው ውስጠኛ ገጽ በተሣሉት የኪሩቤል ፊቶች የሚደነቀው ቤተ ክርስቲያን ከዚያ በኋላ የተሠራ ነው።

ሰፈር ሁሉ ዙሪያውን ይበላል። ብዙ ሺሕ ሰው በአንድ ቦታ ሲከርም ለቤት ምሰሶ፥ ለማገር፥ ለምድጃም እንጨት ይቈርጣል። አንድ ክረምት ሁለት ክረምት ከተቀመጠ በኋላ እንጨቱ እየራቀ ይሄዳል፤ የሚቀርበው መፍትሔም ሰፈሩን ማንሣት ነበር። ለከርሞ የሚሆነውን በዘንድሮ መብላት ማለት ይህ ነው። የነገሥታቱ መንከራተት ጦርና ግብር ብቻ ሳይሆን የማገዶም ጕዳይ እንደ ነበረ የሚናገሩ የታሪክ ተመራማሪዎች አሉ።

በዚህ አንጻር የመንዝ ሰዎች ያደረጉት ሊነገር ይገባዋል። በመንዝ ከፍታ፥ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3200 ሜትር በሚበልጥ ቦታ፥ ጓሳ የሚባል ሣር የሚበቅልበት ሰፊ አገር አለ፤ ቦታውም በሣሩ ስም ጓሳ ይባላል። ሣሩ ለቤት ክዳን እጅግ የተወደደ ነው፤ ለገመድም ይሆናል። የመንዝ አባቶች ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ይህን ቦታ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ጠብቀውታል። ባለመብቶቹ የአስቦና የጌራ ወገኖች ናቸው። አለቃ ይመረጣል፥ ጠባቂ ይቆማል፤ ሣሩ በቂ ሆኖ እስኪያድግ ድረስ ቦታው ለተከታታይ ዓመታት፥ አንዳንድ ጊዜም ሦስትና አምስት ዓመት ያህል ይዘጋል። ይከፈት ከተባለ በበጋው መካከል፥ ድርቀቱ ሲጠና ይከፈታል፤ አስቀድሞ ሣሩ ይታጨዳል፥ ከዚያ በኋላ ከብት ይገባበታል፤ ክረምት ሲመጣ መልሶ ይዘጋል። ሕጉን የጣሰ ይቀጣ ነበር።

እነዚህ ሰዎች የሠሩት ነገር ሲታይ ቀላል ይመስላል፤ የጐረቤታቸው ጣራ እያፈሰሰ፥ ሣሩ በዐይናቸው ፊት ቆሞ እያዩ፥ ጊዜው አልደረሰም ብሎ መታገሥ ግን ቀላል አይደለም። የዘንድሮው ጣራ ቢያፈስም የከርሞው ሁሉ እንዳያፈስ ብለው ታገሡ። ሥርዓቱ እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ድረስ ጸንቶ ቈየ። መሬት ሁሉ የመንግሥት በሆነ ጊዜ የቄሮ ሥልጣን ወደቀ፤ ቦታውም ተጐዳ። በኋላ ግን የአካባቢው ሕዝብ በሌላ ስምና በሌላ ሥርዓት ጥበቃውን መልሶ አቆመው፤ ዛሬ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ሣሩም፥ በሣሩ መካከል የሚኖሩት ጭላዳና ቀይ ቀበሮም ይጠበቁበታል።

የአዲስ አበባ ታሪክ ደግሞ ከዚህ ጋራ ሲነጻጸር ብዙ ያስተምራል። ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሳሉ በ1870ዎቹ በእንጦጦ ከተሙ። እንጦጦ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ፥ ለጦር መጠበቂያ የተመቸ ተራራ ነበር፤ በክረምት ግን ብርዱና ነፋሱ፥ ጉሙና ነጐድጓዱ የማያስቀምጥ ሆነ፤ እንጨቱም በጥቂት ዓመታት ተመናመነ። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ በፍል ውኃው አጠገብ ለሠፈረው አዲስ ቦታ አዲስ አበባ የሚል ስም ሰጡት፤ ሕዝቡም ከተራራው እየወረደ ሠፈረ። የሸሹት ችግር ግን ተከትሎ ወረደ። ሰው በበዛ መጠን በየዓመቱ ከክረምት በፊት የሚቈረጠው ምሰሶና ማገር በዛ፤ ጥቂት ዓመት ሳይቈይ በከተማው ዙሪያ እንጨት ጠፋ።

ያን ጊዜ እንደ ቀድሞው ልማድ ከተማውን ማንሣት ታሰበ። በ1893 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቀው በአዲስ ዓለም ቤተ መንግሥት ተጀመረ። ነገር ግን ሁለት ነገር ከለከለ። አንደኛው በአዲስ አበባ ብዙ የድንጋይ ቤት፥ የውጭ መንግሥታት መልእክተኞችም መኖሪያ ስለ ቆመ እንደ ድንኳን ነቅሎ መሄድ የማይቻል ሆነ። ሁለተኛው ባሕር ዛፍ ነው። ይህ የአውስትራልያ ዛፍ በ1880ዎቹ ወደ አገራችን ገባ፤ ያስገባውም ፈረንሳዊው የንጉሡ አማካሪ ሞንዶን ቪዳዬ እንደ ሆነ በብዙ መጻሕፍት ተጽፏል። ባሕር ዛፍ ፈጥኖ ያድጋል፤ ቢቈረጥም ከጕቶው መልሶ ያቈጠቍጣል። ስለዚህ ከተማው በራሱ ዙሪያ የራሱን ምሰሶ ማብቀል ቻለ። አዲስ ዓለም መዲና መሆኑ ቀረና ቤተ መንግሥቱ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ባሕር ዛፍ ውኃ ይመጣል፥ ሌላ ተክል ያቀጭጫል ተብሎ እስከ ዛሬ ይወቀሳል፤ ወቀሳውም ያለ ምክንያት አይደለም። ቢሆንም የነገሥታቱን መንከራተት ያቆመው እርሱ መሆኑ አይካድም።

ከባሕር ዛፍ ቀጥሎ የቤትን ነገር የለወጠው ቆርቆሮ ነው። ምድር ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ ቆርቆሮ በብዛት ይገባ ጀመር። ከባሕር ዛፍ እንጨትና ከጭድ ጭቃ በተሠራ ግድግዳ ላይ የቆርቆሮ ክዳን ያለው ቤት የከተማው መለያ ሆነ። ቆርቆሮ ከእሳት ያድናል፤ በየጊዜው ሣር አይጠይቅም። ስለዚህ ባለቤቱ ከዝግጅት ሁሉ ነጻ የወጣ መሰለው። ነገር ግን ቆርቆሮ የራሱ ጠባይ አለው፤ በሚስማሩ ቀዳዳ ያፈሳል፥ ይዝጋል፥ ጢሱንም እንደ ሣር አያሳልፍም። ከሁሉ ይልቅ ሣር በከፈፉ ዙሪያ እያንጠባጠበ የሚያወርደውን ውኃ ቆርቆሮ በአንድ ጊዜ ያፈሰዋል። አሸንዳ ካልተበጀለት የራሱን ግድግዳ ሥር ይቈፍራል፥ የጐረቤትንም ደጅ ያጥለቀልቃል። ከዚህም ሌላ ሣር የሚያሰባስበውን ሰው ቆርቆሮ አላሰባሰበውም። ሣር ያለው ሰው ሰዎችን ይጠራ ነበር፤ ቆርቆሮ የሚገዛ ሰው ግን ገንዘቡን ይቈጥራል። ገንዘብ የሌላት መበለት ጣራዋ ቢዝግ ደቦ የሚጠራላት አጣች።

ዝናምን ማንም ሕንፃ ሊንቀው እንደማይችል የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ይመሰክራሉ። ከአንድ ዓለት የተፈለፈሉ ቢሆኑም የቀረጹአቸው ሰዎች ውኃውን አልረሱም፤ በጣራቸው ላይ አሸንዳ አወጡላቸው፥ በዙሪያቸው ያለውን ወለል አዘቅዝቀው ውኃው የሚወርድበትን ቦይ ፈለፈሉ። እንዲያም ሆኖ በብዙ መቶ ክረምት ዓለቱ ተበልቷል፤ በ2000 ዓ.ም. ግድም ከዝናም እንዲጠበቁ በአንዳንዶቹ ላይ መጠለያ ተሠርቶባቸዋል። ዓለት ጠባቂ ካስፈለገው ጭቃና ቆርቆሮ እንዴት አያስፈልገው። በየገጠሩ ያሉትም ክብ አብያተ ክርስቲያናት እንዲሁ ናቸው፤ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው የጨርቅ ሥዕል፥ በዕቃ ቤት ያለው የብራና መጽሐፍ በአንዲት የጣራ ቀዳዳ በጥቂት ክረምት ይጠፋል። ሥዕሉን ለመሣል፥ መጽሐፉን ለመጻፍ ዓመታት ፈጅቷል፤ ቀዳዳዋን ለመድፈን ግን የአንድ ቀን ሥራ ይበቃ ነበር።

ዛሬ በከተማ የሚኖረው ሰው ብዙው ሣር አያጭድም፤ ብዙውም በኪራይ ቤት ስለሚኖር ጣራው የማን እንደ ሆነ አያውቅም። በጐዳናው ዳር ያለው የውኃ መውረጃ በበጋ ቈሻሻ ሲጣልበት ይከርምና በሐምሌ ውኃው መንገድ አጥቶ በሰው ቤት ይገባል። ጎርፉም አስቀድሞ የሚገባው በወንዝ ዳር፥ ላስቲክ በለበሰ ጣራ ሥር ወደሚኖረው ድኻ ነው። የቀድሞው ሰው ቦዩን ይቈፍር የነበረው ለራሱ ጎጆ ነው፤ የዛሬው ቦይ ግን የሁሉ ስለ ሆነ የማንም ሆኖ ቀርቷል።

ስለዚህ የመንዝ ሰዎች ለሣሩ ያደረጉትን ለቦዩ ማድረግ፥ ደቦው ለመበለቲቱ ጎጆ ያደርገው የነበረውን ለዘመኑ ጣራ ማድረግ ያስፈልጋል። ደብር ካህናቱንና ምእመናኑን፥ ዕድር አባሎቹን በጥር ቢሰበስብ፥ የቤተ ክርስቲያኑን ጣራ አይቶ ከዚያ በአጥቢያው ውስጥ የማን ቤት እንደሚያፈስ ቢጠይቅ፥ ቆርቆሮውና ሚስማሩ በየካቲት ቢገዛ፥ የውኃ መውረጃውም በግንቦት ቢጠረግ ሥራው ከሰኔ በፊት ይፈጸማል። መስከረም 1 ቀን ቄጠማ በደረቅ ወለል ላይ ይጐዘጐዝ ዘንድ፥ «እንደ ምን ከረሙ» ተብሎ የተጠየቀም ሁሉ «እግዚአብሔር ይመስገን፥ በደኅና» ብሎ ይመልስ ዘንድ ሥራው መጀመር ያለበት ሰማዩ ጠርቶ ዝናም በማይታሰብበት ጊዜ ነው።